ለፈጠራችሁት ቋንቋ ፊደል ስትመርጡ

«ቱራን ገደለው።»

እስቲ ንገሩኝ፣ ማነው የሞተው? እኔ ስጽፈው ቱራን የሚባል ወታደር ጠላቱን ገደለ ማለቴ ነበር። የእህቴ ልጅ ምዕራፉን አንብቦ ሲጨርስ ግን ፊቱ ጥሩ አልነበረም። «አክስቴ፣ ሽማግሌው ምን አጠፋ?» አለኝ። የሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ስም ቱራ ነው። ልጁ «ቱራን» የሚለውን ሲያይ «ቱራ» ላይ «ን» የተጨመረበት መሰለው። በአማርኛ ሕግ ከሄድን የእሱ ንባብ ከእኔ ንባብ አያንስም።

ሁለቱንም ስሞች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ለጆሮዬ ደስ ያለኝን ሁሉ ስም አደርግ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ልቦለዱን አስቀምጬ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምናብ ዓለሜን ቋንቋዎች አጻጻፍ ብቻ ስሠራ ከረምኩ። በአማርኛ ምናባዊ ልቦለድ የምትጽፉ፣ ለሕዝቦቻችሁም ቋንቋ የምትፈጥሩ ካላችሁ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ሱቄ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው፤ ለጣፎ ቅርብ ነው። ቀን ቀን ማመልከቻ፣ ውልና ሲቪ እጽፋለሁ፣ ፎቶኮፒ አነሳለሁ። ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፌ የራሴን እጽፋለሁ። የፊደል ነገር በቀን ሥራዬም ያሳስበኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ሦስት ወረቀት ይዘው መጡ። ስማቸው በአንዱ ላይ በብዙኃኑ «ኃ»፣ በሁለተኛው በሀሌታው «ሀ»፣ በሦስተኛው በ«ሃ» ተጽፏል። ሲነበብ ሦስቱም አንድ ነው። የሄዱበት ቢሮ ግን እንደ ሦስት ሰው ቆጥሮ መልሷቸዋል። ዝናብ መቷቸው፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ አንድ ነኝ» አሉኝ። በእውነተኛ ስሙ ሰው እንዲህ ከተንገላታ፣ በሌለ አገር የሚኖረውን ሰው ስም በሦስት ዓይነት ስትጽፉበት አንባቢ ምኑን ይይዘዋል?

ገበታውን በቀይ ሰርዙ

ብዙ ሰው ከስም ይጀምራል። እናንተ ከድምፅ ጀምሩ። እኔ የተበላሸ ኤ-ፎር ወረቀት ጀርባ ላይ ሙሉውን ገበታ ጻፍኩ፤ ልክ ልጆች ሀ ሁ የሚቆጥሩበትን። 33ቱ ፊደሎች በሰባት ሲባዙ 231 ይመጣሉ፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። አንድ የፈጠራ ቋንቋ ይህን ሁሉ አይፈልግም። መልክ የሚሰጠው ያስወጣችሁት ፊደል ነው።

የኔ ተራራ ላይ የሚኖሩት ሰዎች አገራቸው ኬዝራ ነው። ለቋንቋቸው 15 ተነባቢ ብቻ ተውኩለት፦ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ቸ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ፣ ገ፣ ጠ፣ ጨ። «ሀ» የለም፣ «ፈ» የለም፣ «ሸ» የለም። አንድ ነገር ልብ በሉ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ቋንቋቸው እንግዳ እንዲመስል ሲፈልጉ እንደ «ቀ» ያለ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ያበዛሉ። ለእኛ ጆሮ ግን «ቀ»፣ «ጠ» እና «ጨ» የጓዳ ድምፆች ናቸው፤ ቅቤ፣ ጠላ፣ ጨው። እነሱን በማብዛት አማርኛ አንባቢን ከአገሩ አታስወጡትም።

ታዲያ ምን ያስወጣዋል? እኔ ያገኘሁት መልስ ግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ነው። ሰበረ፣ ገደለ፣ ነገረ፤ አማርኛን አማርኛ የሚያሰኘው ይህ ድምፅ ነው። ከኬዝርኛ ላይ ሳነሳው ቃላቱ በአንድ ጊዜ መልካቸው ተለወጠ። ጊርኮ፣ ሶርራ፣ ጊንዳቅ። ገጽ ላይ ሲታዩ የእኛ እንዳልሆኑ ወዲያው ያስታውቃሉ።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ይህን ሳገኝ ለብቻዬ ሱቅ ውስጥ አጨበጨብኩ። እንግሊዝኛ ስም ሲመጣ በትልቅ ፊደል ያሳውቃል። እኛ ትልቅ ፊደል የለንም። ስለዚህ በ«በ»፣ በ«ለ»፣ በ«ከ»፣ በ«የ» የሚጀምር ስም ፈጠራችሁ ማለት አንባቢን ጉድጓድ ውስጥ ከተታችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከላን የምትባል ከተማ ነበረችኝ። «ከላን ወጣ» ብዬ ስጽፍ ሁሉም ሰው «ላን የት ነው?» ይላል። እነዚህ አራቱ ፊደሎች ደግሞ ሁሉም ግዕዝ ናቸው። ቋንቋችሁ ግዕዝ ከሌለው ከስሙ ፊት የቆመ «ከ» ሁልጊዜ የአማርኛ ነው። «ከጊርኮ ወጣ።» ማንም አይሳሳትም። የሌለን ትልቅ ፊደል በዚህ ተተካልኝ።

ግዕዝ ሲወጣ «ሀ» እና «ሃ» የሚባል ጣጣም አብሮ ይቀላል። በአማርኛ ሁለቱም የሚነበቡት በራብዕ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ በዘፈቀደ ይደባለቃሉ። ሕጉ ግዕዝ የለም ካለ፣ «ሃ» ብቻ ይቀራል። «አ»ም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በ«አ» የሚጀምር ስም ላይ «የ» ሲጨመር አንዱ «የአርዳ» ይላል፣ ሌላው «ያርዳ» ይላል። እኔ በ«አ» የሚጀምር ቃል ጭራሽ እንዳይኖር ከለከልኩ።

ሞክሼዎቹ

ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ብዙኃኑ «ኀ»። እሳቱ «ሰ»፣ ንጉሡ «ሠ»። ጸሎቱ «ጸ»፣ ፀሐዩ «ፀ»። አልፋው «አ»፣ ዓይኑ «ዐ»። ድሮ በግዕዝ ቋንቋ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ዛሬም «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «አ»ን ከ«ዐ» ለይቶ ይናገራል። በአማርኛ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ «በቋንቋዬ ሐመሩ ሐ ከጉሮሮ ነው» ብላችሁ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ብታብራሩም አንባቢ በለመደው ያነብባል። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈው ቶልኪን ለፈጠራቸው ቋንቋዎች «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ሁልጊዜ «ክ» ናት ብሎ ጽፎ አስቀምጧል። እስከዛሬ ግን ኬሌቦርን የሚባለውን ገጸ ባሕርይ «ሴሌቦርን» የሚለው ብዙ ነው። የአንባቢን ልማድ በማብራሪያ አትቀይሩትም፤ ከልማዱ ጋር ሥሩ።

ቀላሉ መንገድ ከየጥንዱ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መሰረዝ ነው። ለብዙዎቻችሁ ይህን እመክራለሁ።

እኔ ግን አንዷን አስቀርቻታለሁ። ንጉሡን «ሠ»። ኬዝርኛ ውስጥ «ሠ» የሚጻፈው ዘውድ በጫነ ሰው ስም ላይ ብቻ ነው። ልዕልቷ ከተወለደች ጀምሮ ሶርራ ናት። በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ዘውድ ስትጭን ሦርራ ትሆናለች። ሲነበብ ምንም ልዩነት የለውም። ለዐይን ግን አለው። ከዚያ በኋላ አጎቷ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ሰላምታው፣ ምርቃቱ ሁሉ ደንበኛ ነው፤ ስሟን ግን «ሶርራ» ብሎ ነው የጻፈው። ንግሥትነቷን አልተቀበለም ማለት ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላብራራሁትም። የእህቴ ልጅ ደብዳቤውን አንብቦ ቀና አለና «ሊከዳት ነው አይደል?» አለኝ። ይህ የሚሠራው ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ሁሉ አንዲት «ሠ» እንኳ ያለ ቦታዋ ስላልገባች ነው። አንድ ቦታ በስህተት አምልጣኝ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ተራ የፊደል ግድፈት ይመስል ነበር።

ሳድስ እና ማጥበቅ

ሳድስ ሁለት ፊት አላት። አንዳንዴ አናባቢ አላት፣ አንዳንዴ የላትም። በአማርኛ ቃል ስለምናውቀው አያስቸግረንም። የማናውቀው ቃል ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው ይሰነጥቀዋል። «ድርግንስ» የሚባል ጭራቅ ነበረኝ። ለሦስት ደንበኞቼ አስነበብኩ፤ ሦስቱም የተለያየ ቦታ ላይ እረፍት አደረጉ።

ሕጌ አጭር ነው። ኬዝርኛ ውስጥ ሳድስ አናባቢ የላትም። ስለዚህ ቃል በሳድስ አይጀምርም፤ ሁለት ሳድስም ጎን ለጎን አይቆሙም። ጊር-ኮ። ጊን-ዳቅ። ሌላ የሚነበብበት መንገድ የለውም። ጭራቁ ስሙ ተቀይሮ ዲርጎ ሆኗል።

ማጥበቅና ማላላት ላይ ፊደላችን ዝም ይላል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ዋነኛ ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። እኔም መጀመሪያ እሱን ነበር ያሰብኩት። ግን ስልኬ ላይ ነጥቡን ማግኘት አልቻልኩም። ኮምፒውተር ላይ ያገኘሁትም ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ሆነ። ዛሜንሆፍ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው የፈጠራ ቋንቋ፣ ኤስፔራንቶም፣ በዚህ ተቸግሯል። አናታቸው ላይ ምልክት ያለባቸው ስድስት ፊደሎች ነበሩት፤ ብዙ ማተሚያ ቤቶች ግን ምልክቶቹ አልነበሯቸውም። ኋላ ዛሜንሆፍ ራሱ ምልክቱ ከሌላችሁ ከስድስቱ በአምስቱ ላይ «ኤች» ጨምሩ ብሎ ሌላ መንገድ ሰጠ። በምትጽፉበት ስልክ ላይ የሌለ ምልክት አትምረጡ።

መፍትሔውን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው። ወደ ለገጣፎ ስትሄዱ የሱቅና የመንገድ ታፔላዎችን ተመልከቱ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀው ተነባቢ ይደገማል፤ የሚረዝመው አናባቢም ይደገማል። የ«ጣፎ»ን «ጠ» የያዘችው «ኤክስ» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት። እንግሊዝኛ ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ግን ሁልጊዜ «ጠ» ናት፤ አንዴም አታሳስትም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ያን ታፔላ እያየሁ ለምን እኔስ አልደግምም አልኩ። ሶራ ወንዝ ነው። ሶርራ ንግሥት ናት። መጀመሪያ በሳድስ፣ ቀጥሎ በሙሉው። ሳድስ አናባቢ የላትም የሚለው ሕግ ስላለ «ርራ» ጠብቆ ከመነበብ ሌላ ምርጫ የለውም።

አማርኛ ስሙ ላይ ሲለጠፍ

አሁን ወደ ቱራን እንመለስ። ይህ ከሁሉም በላይ ያለፋኝ ክፍል ነው። ሌላ ቋንቋ ላይ የተጻፈ ምክር ብታነቡም ስለዚህ ነገር አይነግራችሁም፣ የእኛ ጣጣ ስለሆነ።

አማርኛ ስምን ብቻውን አይተውም። «ን» ይለጥፍበታል፣ «ም» ይለጥፍበታል፣ «ስ» ይለጥፍበታል፣ «ና» ይለጥፍበታል። ቱራን፣ ቱራም፣ ቱራስ፣ ቱራና። ስለዚህ የሰው ስም በእነዚህ በአራቱ እንዳያልቅ። ወታደሩ ቱራን አሁን ዳሪቦ ነው። «ዳሪቦን ገደለው» ካልኩ የሞተው ዳሪቦ ነው። «ዳሪቦ ገደለው» ካልኩ የገደለው እሱ ነው። አለቀ።

ቀጥሎ ስሙ መጨረሻው ሳድስ ከሆነ ቅጥያው ይበላዋል። ጊንዳቅ፣ ጊንዳቁ፣ ጊንዳቆች። ለሕዝብ ስም ይህ ጥሩ ነው፤ አማርኛ ውስጥ ለምዶ ይገባል። ለሰው ስም ግን መጥፎ ነው፣ ምክንያቱም አንባቢ የስሙን እውነተኛ መጨረሻ ማስታወስ አለበት። ስለዚህ ከፈልኳቸው። የሕዝብ ስም በሳድስ ያልቃል። የሰውና የቦታ ስም በአናባቢ ያልቃል። ይህ ሲለመድ አንባቢ ገና ስሙን ሲያይ ጎሣ ይሁን ሰው መለየት ይጀምራል።

የቋንቋውን ስም «ኬዝርኛ» ያልኩት ከአማራ አማርኛ ስለሚወጣ ነው። «ኬዝራኛ» ያለ ሰው ቢኖር አልጣላውም፤ ዋናው አንዱን መያዝ ነው።

ዘመድ ቋንቋ ካላችሁ

ሐይቁ ዳር የሚኖሩት የኖልሚ ሰዎች የኬዝራ ዘመድ ናቸው። የሁለቱን ቋንቋ ዝምድና በመግለጫ ከመናገር በፊደል ማሳየት ይሻላል። የራሳችን ቋንቋዎች ይህን ያስተምራሉ። የግዕዙ ኮነ በአማርኛ ሆነ ነው። የግዕዙ ጸበበ በአማርኛ ጠበበ ነው። እኔም ከመጀመሪያው ወሰድኩ፤ የኬዝርኛ «ከ» ቤተሰብ በሙሉ በኖልሚ «ሀ» ቤተሰብ ይሆናል። ተራራው ላይ ጊርኮ የሚሏትን ከተማ ሐይቁ ዳር ጊርሆ ይሏታል። አንድ ሕግ ከበቂ በላይ ነው። አምስት ሕግ ብታወጡ ዘመድነቱ ለማንም አይታይም፤ እናንተም ትረሱታላችሁ።

ጎረቤት ይስማው

ስሞቹን አትማችሁ ለሰው አስነብቡ። ምንም አታብራሩ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። ሁለት ሰው በሁለት ዓይነት ካነበበው የምታርሙት አጻጻፉን ነው። ለዚህ ሥራ ሱቄ ይመቻል፤ ፎቶኮፒ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

ሌሎች ቋንቋዎች የሚናገሩ ጎረቤቶችንም ጠይቁ። እኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነው። የጨለማው ንጉሥ ስሙ መጀመሪያ ሆላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልኝ ሴት ወረቀቱን አይታ «ሆላ እኮ በኦሮምኛ በግ ነው» አለችኝ። ግማሹ አንባቢዬ የሚያውቀውን ቃል እኔ ሳላውቀው አስፈሪ ልላቸው ነበር። ትግርኛም፣ ጉራግኛም የሚናገር ሰው ፈልጉ።

ኮምፒውተሩ ላይ

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ዛሬም በፍላሽ ይመጣልኛል፤ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። እናንተ በዩኒኮድ ብቻ ጻፉ።

ፍለጋ ላይ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተር «ሰ» እና «ሠ» ሞክሼ መሆናቸውን አያውቅም። «ሶርራ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሦርራ» አይመጣላችሁም። ሁሉንም «ሠ» በአንድ ጊዜ በ«ሰ» ልተካ ብትሉ ደግሞ ሥራ፣ ንጉሥና ሦስት የሚሉ የአማርኛ ቃላት አብረው ይበላሻሉ። እኔ ረቂቅ ስጽፍ ከእያንዳንዱ የፈጠራ ቃል ፊት ይህችን ምልክት አደርጋለሁ፦ ፨ጊርኮ፣ ፨ሶርራ፣ ፨ዳሪቦ። ሌላ ቦታ ስለማልጠቀምባት «፨» ብዬ ስፈልግ የፈጠራ ቃላት ብቻ እየተከተሉ ይመጣሉ። አንድ በአንድ ከገበታው ጋር አስተያያለሁ። ሥራው ሲያልቅ ምልክቷን በባዶ እተካታለሁ። ለ 40 ገጽ አንድ ማታ በቂ ነው፣ መብራት ካልሄደ።

ስልክ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ቃል የሚገምተውን ነገር አጥፉት። የኔ «ሃ»ን ወደ «ሀ» እየመለሰ ብዙ አድክሞኛል።

ገበታዬ አሁን ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንድ ገጽ ነው። ላይ 15ቱ ተነባቢዎች በአምስት አናባቢና በሳድስ ተደርድረዋል፤ ታች ሕጎቹ አሉ፣ ስድስት መስመር። ሕግ በቀየርኩ ቁጥር ቀኑን ጎኑ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ቀን በፊት የተጻፉትን ምዕራፎች መልሼ መፈተሽ እንዳለብኝ እንዳልረሳ። የመጨረሻው ቀን የተጻፈው መጋቢት ውስጥ ነው። ደንበኞች ሲያዩት የልጅ ማስተማሪያ ይመስላቸዋል። ባለፈው አንዲት ሕፃን እናቷ መታወቂያዋን ኮፒ እስክታስደርግ ድረስ ጣቷን እየጠቆመች የተደረደሩትን ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ቁ፣ ቂ፣ ቃ።» ከዚያ ቆም አለችና «ቀ የታለ?» አለች።